ድራፍቱ ደረሰ፤ ተከላካይ በስንተኛው ዙር ይነሳ?

ወልዲያ ውስጥ «ድራፍት» ብሎ ላዘዘ ሰው የሚቀርብለት አረፋው እስከ አፉ የሞላ ብርጭቆ ነው። ነሐሴ ሲገባ ግን ለኳስ ሱሰኞች ቃሉ ሌላ ትርጉም አለው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ጓደኛሞች ስልካቸውን ይዘው አንድ ጥግ ይሰባሰቡና የሊጉን ተጫዋቾች አንድ በአንድ ይከፋፈሏቸዋል። ሃላንድ ለአንዱ፣ ሳካ ለሌላው። እስከዚህ ድረስ ማንም አይጣላም። ክርክሩ የሚነሳው የተከላካዮች ተራ ሲደርስ ነው። አንዱ በሁለተኛው ዙር ተከላካይ ሲያነሳ ሌላው «ምን ነካህ?» ይለዋል፣ ሦስተኛው ደግሞ በሆዱ «ቀደመኝ» ይላል። ማን ትክክል ነው?

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። ብዙው ሰው የሚያውቀው የተለመደውን የፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ ነው፤ በ100 ሚሊዮን ፓውንድ ምናባዊ ገንዘብ 15 ተጫዋቾች ይገዛሉ፣ ከአንድ ክለብ ከሦስት በላይ አይፈቀድም፣ አንዱ ሰው የያዘውን ተጫዋች ሌላ ሚሊዮን ሰው ሊይዘው ይችላል። ሊጉ እ.ኤ.አ በ2017/18 የጀመረው ድራፍት ግን ሌላ ነው። ገንዘብ የለም፣ ዋጋ የለም፣ አምበልም የለም። በአንድ የጓደኛሞች ሊግ ውስጥ አንድ ተጫዋች የአንድ ሰው ብቻ ነው። አንዴ ከተወሰደ ተወሰደ።

ቅርጫ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። በቅርጫ በሬው ይታረዳል፣ ሥጋው በየመደቡ እኩል ይደለደላል፣ ከዚያ እጣ ይወጣል፤ ለማንም የደረሰው ለማንም ቢደርስ ያው ነው። ድራፍት ላይ ግን ሥጋው አይደለደልም። እጣ የሚወጣው ለተራ ብቻ ነው። አንደኛ የወጣለት ቀጥ ብሎ ሄዶ ሻኛውን ያነሳል፣ ሁለተኛው ከቀረው ይመርጣል፣ እንዲህ እያለ መጨረሻው ሰው ጋ ይደርሳል። እሱም ቢሆን ተበድሎ አይቀርም፤ በሁለተኛው ዙር ተራው ይገለበጥና መጀመሪያ የሚያነሳው እሱ ይሆናል። በሦስተኛው ደግሞ መልሶ ይገለበጣል። አስራ አምስት ዙር እስኪያልቅ እንዲህ ነው። (ሊጉ በፍልሰታ ፆም ውስጥ የሚጀመር በመሆኑ ስለ ሻኛ ማውራቱን አንባቢ ይቅር ይበል።)

እንግዲህ ስምንት ሰዎች ያሉበት አንድ ሊግ እናስብ። አራቱ ወልዲያ ናቸው፣ ሦስቱ መርሳ፣ አንዱ ደግሞ ውርጌሳ። ከወልዲያ እስከ ሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ በደሴ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሁሉም አንድ ቤት መሰብሰብ አይጠበቅባቸውም፤ ስልክ ይበቃል። ስምንቱ በአጠቃላይ 120 ተጫዋቾች ያነሳሉ። 16 ግብ ጠባቂ፣ 40 ተከላካይ፣ 40 አማካይ፣ 24 አጥቂ። የጨዋታው ቁልፍ ያለው እዚህ ቁጥር ውስጥ ነው።

ፕሪሚየር ሊጉ 20 ክለብ አለው። አሁን አሁን ብዙው ክለብ በአንድ አጥቂ ነው የሚጫወተው። ስለዚህ በየሳምንቱ በቋሚነት የሚሰለፍ የፊት መስመር ተጫዋች ቢቆጠር ከ20 ብዙም አይርቅም፤ ስምንቱ ሰዎች ደግሞ 24 ይፈልጋሉ። አይበቃም። ሰባተኛና ስምንተኛ ላይ ያለው ሰው ሦስተኛ አጥቂው ተጠባባቂ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ልጅ ሊሆንበት ይችላል። ተከላካይ ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ ክለብ ቢያንስ ሦስት፣ ብዙ ጊዜ አራት ያሰልፋል። ወደ 80 ቋሚ ተከላካይ አለ ማለት ነው፣ የሚፈለገው 40። ድራፍቱ አልቆ ሁሉም ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ እንኳ በየሳምንቱ የሚጫወት ተከላካይ ሜዳ ላይ ተርፎ ይገኛል።

ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ተከላካይ መጨረሻ ላይ ይነሳ» ማለት ይቻላል። ብዙ ልምድ ያለው ሰውም የሚለው ይህንኑ ነው። ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ ክርክር ባልኖረ ነበር።

ችግሩ ተከላካዮች እኩል አለመሆናቸው ነው። የነጥቡን አሰጣጥ እንይ። አንድ ተጫዋች 60 ደቂቃና ከዚያ በላይ ከተጫወተ 2 ነጥብ ያገኛል። ተከላካይ ሆኖ መረቡን ካላስደፈረ 4 ይጨመርለታል። ግብ ካገባ 6፣ ለግብ የሚሆን ኳስ ካቀበለ 3። አጥቂ ለአንድ ግብ የሚያገኘው 4 ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። አሁን አንድ ተራ የመሃል ተከላካይ እንውሰድ፤ 34 ጨዋታ ሙሉ ይጫወታል፣ በ10ሩ መረቡ አይደፈርም። 68 እና 40፣ ድምር 108። ከዚያ ላይ ሁለት ግብ በተቆጠረ ቁጥር አንድ ነጥብ ይቀነሳል፣ ቢጫ ካርድም አንድ ይቀንሳል። ከመቶ ትንሽ ዝቅ ይላል እንበል። ይኼ ማንም ሰፈር የሚገኝ ተከላካይ ነው። ሌላው ተከላካይ ተመሳሳይ ጨዋታ ተጫውቶ በላዩ 4 ግብ ቢያገባ፣ 8 ለግብ የሚሆን ኳስ ቢያቀብል 48 ነጥብ ይጨምራል። ይኼኛው ሰፈር ውስጥ አይገኝም። ተፈልጎ ነው የሚገኘው።

የሊቨርፑል ደጋፊ የሆነ ሰው ይህን ታሪክ ከማንም በላይ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ በ2018/19 ስኮትላንዳዊው የግራ መስመር ተከላካይ አንዲ ሮበርትሰን 213 ነጥብ ሰበሰበ። በቀጣዩ ዓመት ትሬንት አሌክሳንደር አርኖልድ በ210 ተከተለ፤ ያ ዓመት በሊጉ 4 ግብ አግብቶ 13 ለግብ ያቀበለበት ነው። በ2021/22 ደግሞ እሱው በድጋሚ 208 አመጣ። ተከላካይ ተብሎ ተመዝግቦ እንደ አማካይ የሚጫወት፣ የማዕዘን ምት የሚመታ፣ ቅጣት ምት የሚመታ። በዚያን ዘመን በድራፍት አንደኛ ዙር ላይ እሱን ያነሳ ሰው ቀሽም የሚባል አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ግን ቁጥሩ እየወረደ መጣ። በ2022/23 ከተከላካዮች አንደኛ የሆነው የኒውካስሉ ኪራን ትሪፒየር 198 ነበረው። በ2023/24 የአርሰናሉ ቤን ኋይት 182። በ2024/25 የማንቸስተር ሲቲው ክሮኤሺያዊ ጆሽኮ ግቫርዲዮል 5 ግብ አግብቶ እንኳ ነጥቡ 153 ነበር። በዚያው ዓመት ሞሐመድ ሳላህ 29 ግብ አግብቶ 18 አቀብሎ 344 ነጥብ በማምጣት የጨዋታውን ክብረ ወሰን ሰብሯል። እንግዲህ አንደኛው ተከላካይ ከሳላህ ግማሽ እንኳ አልደረሰም ማለት ነው። አሌክሳንደር አርኖልድም በ2025 ክረምት ወደ ሪያል ማድሪድ ሄዷል።

የዚህ ቁልቁል መውረድ ትርጉም ለመራጩ ግልጽ ነው። አንደኛው ተከላካይ 213 ሲያመጣና ሃያኛው መቶ አካባቢ ሲሆን ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ ቀድሞ ማንሳት ያዋጣል። አንደኛው 153 ሲሆን ግን ልዩነቱ ይጠባል። ለዚያች ልዩነት ብሎ በሁለተኛው ዙር አንድ ጥሩ አማካይ የተወ ሰው ትርፉ ጸጸት ነው።

የአምናው ኮከብ

ሌላው የድራፍት በሽታ የአምናን ሰንጠረዥ ከፍቶ ከላይ ወደ ታች ማንሳት ነው። የቤን ኋይትን ጉዳይ ማየት ይበቃል። በ2023/24 አርሰናል በ38 ጨዋታ የተቆጠረበት ግብ 29 ብቻ ነበር፤ ቀኝ መስመሩ ላይ የነበረው ኋይት ደግሞ 4 ግብ አክሎበት የተከላካዮች ንጉሥ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ድራፍት ላይ ማን ቀድሞ እንደሚያነሳው ሽሚያ መሆኑ አይቀርም። በኅዳር ወር ግን ጉልበቱን ተቀደደና ለወራት ከሜዳ ራቀ። ትሪፒየርም 198 ባመጣ ማግስት የጉዳት ዓመት ነው የገጠመው።

ተከላካይ ከአጥቂ ይልቅ በጓደኞቹ ላይ የተንጠለጠለ ነው። አጥቂው ቡድኑ 4 ለ 3 ቢሸነፍም ሁለት ግብ አግብቶ ሊወጣ ይችላል። ተከላካይ ግን ግብ ጠባቂው ቢሳሳት፣ ጎኑ ያለው ልጅ ቢንሸራተት፣ አማካዩ ኳስ ቢነጠቅ አራቷ ነጥብ አብራ ትሄዳለች። ስለዚህ የአምናው ነጥብ ውስጥ ምን ያህሉ የራሱ፣ ምን ያህሉ የቡድኑ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። የማዕዘን ምት የሚመታው እሱ ነው? ከማዕዘን ምት ሲሻማ ዘሎ የሚገጨው እሱ ነው? ይኼ የራሱ ነው፣ ጤናው እስካለ አብሮት ይኖራል። መድፈኞቹ በ2021 የቆመ ኳስ አሰልጣኙን ኒኮላስ ዦቨርን ካመጡ ወዲህ ብራዚላዊው ገብርኤል ማጋሌሽ ከማዕዘን ምት የሚያገባቸው ግቦች የመሃል ተከላካይን ዋጋ እንዴት እንደቀየሩ ሁሉም ያየው ነው። ሰርቢያዊው ኒኮላ ሚሌንኮቪችም ለኖቲንግሃም ፎረስት በተጫወተበት የመጀመሪያ ዓመት፣ በ2024/25፣ 5 የሊግ ግብ አስቆጥሯል። የቼልሲው ማርክ ኩኩሬያ እንዲሁ 5። ከድራፍቱ በፊት ኩኩሬያን አምስት ግብ ያገባል ብሎ የተነበየ ሰው ካለ ሎተሪ ቢቆርጥ ይሻለዋል።

የመርሳ ሰው መንገድ ዳር ማንጎ ሲገዛ ቀለሙን አይቶ ብቻ አይወስድም፤ ጫን አድርጎ ያየዋል። ተከላካይም እንደዚያ ነው።

በስሙ ተከላካይ

እውነተኛው ትርፍ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ፋንታሲው እያንዳንዱን ተጫዋች በክረምት ተከላካይ፣ አማካይ፣ አጥቂ ብሎ ይመዘግባል፤ አሰልጣኙ በኋላ ሌላ ቦታ ቢያሰልፈው መዝገቡ ዓመቱን ሙሉ አይቀየርም። እ.ኤ.አ በ2019/20 ከታችኛው ሊግ ያደገው ሼፊልድ ዩናይትድ ጆን ሉንድስትራም የሚባል ልጅ ነበረው። ፋንታሲው ተከላካይ ብሎ መዘገበው፣ በተለመደው ጨዋታ ዋጋውም ከሁሉ ርካሽ 4 ሚሊዮን ነበር። ሜዳ ላይ ሲታይ አማካይ ሆኖ ቁጭ አለ! 5 ግብ አገባ፣ በ144 ነጥብ ጨረሰ። በቀጣዩ ዓመት የሊድሱ ስቱዋርት ዳላስ ታሪኩን ደገመው፤ ተከላካይ ተብሎ ተመዝግቦ ብዙውን ጊዜ መሃል ሜዳ እየተጫወተ 8 ግብ አግብቶ 171 ነጥብ አመጣ። አማካይ ቢባል ኖሮ ለእያንዳንዱ ግብ የሚያገኘው 5 ነበር፤ መረብ ሳይደፈር ሲቀርም የሚሰጠው 4 ሳይሆን 1 ነበር።

እንዲህ ዓይነቱን ተጫዋች ማግኘት ዲኤስቲቪ ቤት ለሚውል ሰው ከባድ አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ መጀመሪያ የሚደረጉ የወዳጅነት ጨዋታዎች ላይ ማን የት ቆሞ እንደሚጫወት ማየት ብቻ ነው። ውጤቱ ምንም አይደለም። የግራ መስመር ተከላካይ ተብሎ የተመዘገበ ልጅ ክንፍ ላይ ከተሰለፈ፣ ያን ስም ወረቀት ላይ ጽፎ ኪስ ውስጥ መክተት ነው። ለማንም አለመንገር ደግሞ የግድ ነው። በዚህ ጨዋታ ወሬኛ ሰው ሻኛ በልቶ አያውቅም።

በ2025/26 የመጣው ሕግ ደግሞ ሂሳቡን ከሥር ቀይሮታል። ከዚያ ዓመት ጀምሮ አንድ ተከላካይ በአንድ ጨዋታ ኳስ በማራቅ፣ ምት በመከለል፣ ኳስ በማቋረጥና በመንጠቅ በድምሩ 10 ከሞላ 2 ነጥብ ይጨመርለታል። ለአማካይና ለአጥቂ 12 ነው የሚጠየቀው፣ ለእነሱ ያመለጠ ኳስ መልሶ መያዝም ይቆጠርላቸዋል። ይኼ ነገር ማንን ጠቀመ? ሁሌ ኳስ ይዞ የሚውል ቡድን ተከላካይን አይደለም፤ እሱ የሚያርቀው ኳስ የለውም። የጠቀመው ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ሲደበደብ የሚውለውን ነው። የኤቨርተኑ ጄምስ ታርኮውስኪ፣ የፎረስቱ ሙሪሎና ሚሌንኮቪች ዓይነቶቹ፣ በጭንቅላትም በደረትም የሚከላከሉት። ድሮ እንዲህ ያሉት ቡድናቸው 1 ለ 0 ከተሸነፈ በ2 ነጥብ ይመለሱ ነበር። አሁን ተሸንፈውም 4 ይዘው ይገባሉ።

ለድራፍቱ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የተራው ተከላካይ ነጥብ ከፍ አለ ማለት ነው። ከላይ የተሰላው የ108 ነጥብ ሰው በዓመት ውስጥ 15 ጊዜ እንኳ ይህን ቢያሟላ 30 ነጥብ ጨምሮ ከብዙ ስመ ጥር የመስመር ተከላካይ ጋር እኩል ይቆማል። እሱ ደግሞ በአስረኛው፣ በአስራ አንደኛው ዙር የሚገኝ ሰው ነው። እንግዲህ «ተከላካይ ቀድሞ አይነሳ» የሚለው ወገን ከአዲሱ ሕግ በኋላ ክርክሩ ይበልጥ ጠንክሮለታል ማለት ይቻላል። አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፤ የሚያገባም፣ መረቡ የማይደፈርም፣ የሚያርቅም ሆኖ የተገኘ የመሃል ተከላካይ። እንደዚያ ያለ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ቢገኝ ነው፤ እሱ በሦስተኛው ዙር ቢነሳ ማንም «ምን ነካህ» ሊል አይገባም።

መስመር ሲጠፋ

እስካሁን የተባለው ሁሉ ለለንደንም ለአዲስ አበባም ይሠራል። ለወልዲያና ለመርሳ ግን አንድ ነገር ይጨመራል። እዚህ አካባቢ ፋንታሲ የሚጫወት ሰው ከተጋጣሚው ቀድሞ የሚያስበው ስለ ኔትወርክ ነው።

ታሪኩን ወደኋላ ማየት ይበቃል። የ2021/22 ፕሪሚየር ሊግ አርብ ነሐሴ 7 ቀን 2013 ዓ.ም ነበር በብሬንትፎርድና በአርሰናል ጨዋታ የተከፈተው። በዚያው ነሐሴ ወር ወልዲያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስም በዚያው ቆየች። መብራትና ስልክ በሌለበት፣ ሕዝብ በተፈናቀለበትና ሰው በሞተበት ጊዜ ስለ ፋንታሲ ያሰበ አይኖርም፤ ማሰብም አልነበረበትም። ነገር ግን ከዚያ በፊት ቡድኑን መዝግቦ የነበረ ሰው ካለ፣ ቡድኑ ያለ ባለቤት በየሳምንቱ ሲጫወት ነው የከረመው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ነገሩ በሌላ መልክ መጣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ለወራትም አልተመለሰም። የ2023/24 ውድድር የተጀመረው አዋጁ በወጣ በሳምንቱ፣ ነሐሴ 5 ቀን ነበር። ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱም ልክ ሊጉ ሊከፈት ሲል።

ስለዚህ እዚህ አካባቢ ያለ መራጭ ተከላካይን ሲመዝን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ያህል ያገባል?» ብሎ መሆን የለበትም። «ሳላየው ለሁለት ወር ብተወው ይጫወታል ወይ?» ነው ጥያቄው። አሰልጣኙ በየሳምንቱ የሚቀያይረው የትልቅ ክለብ የመስመር ተከላካይ ለአዲስ አበባ ልጅ ይመቻል፤ አሰላለፉን አይቶ፣ ዜናውን ሰምቶ ሰዓቱ ሳያልፍ ያስቀምጠዋል ወይም ያወጣዋል። ኔትወርኩ መጥቶ ለሚሄድበት ሰው ግን ያ ተጫዋች እሳት ነው። ለእሱ የሚሻለው በየሳምንቱ ስሙ ከማይጠፋው ወገን ነው። ቨርጂል ቫን ዳይክ በ2024/25 ሊቨርፑል ዋንጫ ሲያነሳ ከ38ቱ 37 ጨዋታ ተጫውቷል። እንዲህ ያለው ሰው ነጥቡ ሰማይ ባይነካም ባለቤቱ ባይኖርም ሥራውን ይሠራል።

ተጠባባቂውም በዚሁ ሚዛን ነው የሚታየው። ድራፍት ላይ ከቋሚዎቹ አንዱ ሳይጫወት ከቀረ ጨዋታው ራሱ ከተጠባባቂ ወንበር ይተካለታል። አምስተኛው ተከላካይ ተስፋ የተጣለበት የ18 ዓመት ልጅ ሳይሆን አንድ ጢሙ የሸበተ የታችኛው ግማሽ ክለብ አምበል ቢሆን ይመረጣል። አያምርም። ግን ይጫወታል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ የቆየ የደጋፊ በሽታ አለ። የአርሰናል ደጋፊ ሦስት የአርሰናል ተከላካይና ግብ ጠባቂውን ያነሳል፤ ድራፍት ላይ ከአንድ ክለብ ሦስት ብቻ የሚል ገደብ ስለሌለ የሚከለክለው የለም። በደህናው ቀን ከአራቱ 24 ነጥብ ያፍሳል፣ ዲኤስቲቪ ቤቱን በጩኸት ይሞላዋል። በክፉው ቀን ግን በ12ኛው ደቂቃ አንድ ኳስ ትገባና 16 ነጥብ በአንድ ትንፋሽ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ያለው 78 ደቂቃ ለእሱ ለቅሶ ቤት ነው። ሁለት ከአንድ ክለብ ይበቃል፤ ሦስተኛው ከሌላ ይምጣ። ይህን ለመድፈኞቹ ደጋፊ ማስረዳት ግን ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

የወልዲያ ሰው ከቡድን ጋር መታመምን የሚያስተምረው አያስፈልገውም። በጥር 2009 የተመረቀው 25 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዘው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ያየበት ዘመን አጭር ነበር፤ የከተማው ክለብ በ2010 ዓ.ም ከሊጉ ወርዷል። የፋንታሲ ቡድን ቢያንስ አይወርድም።

ወደ ስምንቱ ሰዎች እንመለስ። አንደኛ እጣ የወጣለት ወልዲያዊ በመጀመሪያው ዙር አጥቂ ያነሳል እንበል፤ ከዚያ ተራው የሚመለሰው አስራ አራት ተጫዋች ከተነሳ በኋላ ነው፣ አስራ ስድስተኛና አስራ ሰባተኛ ላይ። ያኔ ያ አንድ ልዩ ተከላካይ ካለ ከሁለቱ አንዱን ለእሱ ቢያውል ያምርበታል፣ ምክንያቱም ቀጥሎ ተራው እስኪደርስ ሌላ አስራ አራት ስም ይጠፋል። ስምንተኛ የወጣለት የመርሳው ልጅም ሁለት ሁለት እያነሳ ስለሚሄድ ያው ነው። መሃል ላይ ያሉት፣ አራተኛና አምስተኛዎቹ፣ መቸኮል የለባቸውም። በየስምንት ስሙ ተራቸው ይመጣል፤ አንዱ ተከላካይ መንጠቅ ሲጀምር ሁሉም ተከትሎ ሲነጥቅ ያን ጊዜ እነሱ አማካይ ማንሳት ነው። ውርጌሳ ያለው ብቸኛ ሰው የመሃል ተራ ከደረሰው ዕድለኛ ነው።

የድራፍቱን ሰዓት በተመለከተ ማስታወስ የሚገባው ነገር አለ። ምርጫው ሰዓት እየቆጠረ ነው የሚካሄደው። ተራው ደርሶ ኔትወርክ የጠፋበት ሰው ቢኖር ጨዋታው አይጠብቀውም፤ ኮምፒዩተሩ ይመርጥለታል። አስቀድሞ የሚፈልጋቸውን ተጫዋቾች በቅደም ተከተል መዝግቦ ካስቀመጠ ከዚያ ይወስድለታል፣ ካላስቀመጠ ግን ያገኘውን ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን መብራትና ኔትወርክ ባለበት ቀን ቀድሞ መሥራት፣ ሰላሳ ያህል ተከላካይ በተርታ ማስገባት ይበጃል። ስልኩንም ቻርጅ ማድረግ።

ሊጉ ብዙ ጊዜ በአርብ ምሽት ጨዋታ ነው የሚከፈተው፤ እንደ ልማዱ በእኛ 4 ሰዓት ከሆነ ቡድን ማስተካከያው የሚዘጋው 90 ደቂቃ ቀድሞ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ያልተያዘ ተጫዋች መጠየቂያው ደግሞ ከዚያም 24 ሰዓት ቀድሞ፣ ሐሙስ ማታ ያበቃል። ሐሙስ ማታ መርሳ መብራት ካለ።